ሰኔ ገብቷል፤ ከደሴ እስከ ከሚሴ ምን እንትከል?

ችግኝ አፍይ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን ጀማው። ሰኔ ገብቷል፣ ችግኝ ፈላጊውም መምጣት ጀምሯል። የምሠራው ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው በሩ ላይ ቆሞ አበባ ያወጣውን ያይና "እሱን ስጠኝ" ይላል። ወዴት እንደሚወስደው አይነግረኝም። እኔ ግን ስለ ዋጋ ከማውራቴ በፊት ቤትህ የት ነው ብዬ እጠይቃለሁ።

ወሎ ላይ ይሄ ጥያቄ ትልቅ ነው። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ባቲና ከሚሴ ወደ 1,500 ይወርዳሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ አየሩ ፊታችሁ ላይ ይታወቃችኋል። ለተክልም እንደዚያው ነው። ከሚሴ ላይ የሚያፈራ ፓፓያ ደሴ ላይ አይሆንም። ደሴ ላይ የሚያምር አፕልም ከሚሴ ወርዶ ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ሌላው ጊዜው ነው። እኛ ዘንድ ዝናቡ ሁለት ነው፤ በልግና ክረምት። በመሀሉ ግንቦትና ሰኔ ይደርቃል። ሰኔ ላይ አንድ ጊዜ ዶፍ ሲጥል ሰው ሮጦ ይተክላል። ከዚያ ፀሐይ ይወጣና ችግኙ ይቃጠላል። አፈሩን ቆፈር አድርጋችሁ እዩ። እስከ ክንድ ድረስ ካልራሰ ጠብቁ። ለዛፍና ለፍራፍሬ ጥሩው ጊዜ ሐምሌ ሲገባ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለ ደግሞ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ይወጣል፤ በምሥራቁ በኩል መስከረም ገና ሲጀምር ሰማዩ ይጠራል።

እና ከተማችሁን፣ የግቢያችሁን ስፋትና ውሃ እንዴት እንደምታገኙ ጻፉልኝ። የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ሌላ የምታውቁም ጨምሩበት።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ኧረ ሸጋ ነገር አነሳህ ወንድምዓለም። ቤታችን ጦሳ ተራራ ሥር ነው። ባለፈው ክረምት የተዳቀለ አቮካዶ ተከልን። እስከ ጥቅምት አማረ። ታኅሣሥ ላይ በአንድ ሌሊት ቅጠሉ ጠቆረ፣ የተቀቀለ ጎመን መሰለ። እናቴ "ይነቀል" ትላለች፣ እኔ ደግሞ አሳዘነኝ። ይነቀል ወይስ ይጠበቅ? ደሴ ላይስ ምን ፍሬ ይሆናል?

ችግኝ አፍይ (ኮምቦልቻ)

@የጦሳ ልጅ፣ አብሽር፣ እስኪታይ ድረስ አይነቀል። ግንዱን በጥፍርህ ትንሽ ላጥ አድርገው። ከልጡ ሥር አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው። የደረቀውን ጫፍ እስከ አረንጓዴው ድረስ ቁረጥ። አንድ ነገር ግን ልብ በል። አዲሱ ቀንበጥ ከየት እንደወጣ እይ። ከተዳቀለበት ጠባሳ፣ ማለትም የመረጥከው ዝርያ ሥር በሚሆነው ግንድ ላይ ከተጣበቀበት ቦታ በላይ ከሆነ እሰየው። ከጠባሳው በታች ከሆነ ግን የሚያድገው የመረጥከው ዝርያ አይደለም፣ ሥር እንዲሆን የተዘራው ነው። እሱ ፍሬ እስኪሰጥ ብዙ ዓመት ያስጠብቃል።

ውርጭ የሚመጣው ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ባልነፈሰበት ሌሊት ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይፈሳል። ጦሳ ሥር ከሆንክ ከተራራው የወረደው አየር ግቢህ ውስጥ አጥር ካገደው እዚያው ይተኛል። ስለዚህ አቮካዶ ደሴ ላይ ከተተከለ ከግቢው ዝቅተኛ ቦታ ይራቅ። የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ አጠገብ ይሁን። ግድግዳው ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማይ የጠራ ዕለት አፈሩን ከሰዓት በኋላ አጠጣው። ማታ አራት እንጨት ተክለህ ጆንያ አልብሰው። ጆንያው ቅጠሉን አይንካ። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ግለጠው።

ፍሬ ለሚለው፣ ለደሴ፣ ለኩታበርና ለቦሩ ሜዳ የምመክረው አፕል፣ ፕለምና ኮክ ነው። እነዚህ ቅዝቃዜውን ይፈልጉታል፤ ሳይበርዳቸው እምቡጣቸው በደንብ አይከፈትም። ከአፕል ለእኛ አገር የሚስማሙት ብዙ ቅዝቃዜ የማይጠይቁት ናቸው። አና የሚባለው መነሻው እስራኤል ነው። ዶርሴት ጎልደን ደግሞ ከሞቃቷ ባሃማስ የመጣ ነው። ሁለቱን አብራችሁ ትከሉ። አንዱ የሌላውን የአበባ ዱቄት ይፈልጋል፣ ንብ ታቀባብላቸዋለች። አንድ ዛፍ ብቻ ተክሎ "አበባው አምሮ ፍሬ አልያዘም" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይመጣል። ቦታ ካነሰህ ከጎረቤት ጋር ተስማማ፤ አንተ አና ትከል፣ እሱ ዶርሴት ይትከል። አጥር ለንብ ምንም አይደለም።

እመት ሐዋ (ሐይቅ)

ልጆቼ እንደምን አላችሁ። የልጄ ልጅ ነው የሚጽፍልኝ። ስለ ፍሬ ስታወሩ ደስ ብሎኛል፤ ግን ቡና የሚጠጣበት ቤት ጤና አዳም ከሌለው ምኑ ቤት ሆነ? መጀመሪያ እሱን ትከሉ። ችግኝ መግዛትም አያስፈልግ። ከጎረቤት አንድ ግንጣይ ለምኑ። እንጨት ሊሆን የጀመረውን ቅርንጫፍ በስንዝር ቁረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፉ፣ ግማሹን አፈር ውስጥ ቅበሩ። ጥላ ውስጥ ይሁን። በልግ ላይ ቢሆን ይሻል ነበር፣ አሁንም ይይዛል።

የጤና አዳም ጠላቱ ጥማት ሳይሆን ውሃ የሚተኛበት ቦታ ነው። ክረምት ላይ ቢጫ ሆኖ የሚሞተው ሥሩ በስብሶ ነው። እኔ አፈሩን ከፍ አድርጌ ከሥር ጠጠር እጨምርበታለሁ። የጥብስ ቅጠልም ጠባዩ እንዲሁ ነው፣ ከፍ ያለና ፀሐይ ያለበት ቦታ ይወዳል። አሪቲውንም ከአጠገባቸው አድርጉት። ጠጅ ሳር ግን የፈለገውን ያህል ውሃ ቢጠጣ አይጠላም። አንዱን ጉጥ ሰንጥቃችሁ ብትተክሉት በዓመቱ ለሰፈር ይበቃል። ለዱአም ለበዓልም ቤት ስትጎዘጉዙ ከገበያ አትገዙም።

በሶብላው ሞቃት ስለሚወድ ደሴዎች ሰኔ ላይ አትዝሩት፣ ብርዱ ያጫጨዋል። ለእኛ ለሐይቆች ይሆናል።

ችግኝ አፍይ (ኮምቦልቻ)

እመት ሐዋ፣ አላህ ያክብርልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። የነገሩን ሁሉ ትክክል ነው። አንድ ነገር ብጨምር ይፈቅዱልኛል? የጤና አዳም ጭማቂ ፀሐይ ላይ ቆዳ ያቃጥላል። ሲቆርጡ እጅ ላይ ከነካ ይታጠብ፣ በተለይ የልጆች እጅ።

ከሚሴ ላይ

እኔ ጋ ሙቀት አለ፣ ውሃም ከቦርከና ወንዝ በጀኔሬተር እንስባለን። ፓፓያ ተክዬ ቁመቱ ቤት አለፈ። አበባ በብዛት ያወጣል፣ ይረግፋል። ማዳበሪያም ጨመርኩ። ምንድን ነው ችግሩ?

ችግኝ አፍይ (ኮምቦልቻ)

አበባው እንዴት ነው የሚወጣው? ረጅም ክር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዘለላ ዘለላ ሆኖ ነው? ወይስ ግንዱ ላይ ተለጥፎ?

ከሚሴ ላይ

ተንጠልጥሎ ነው። ረጅም ነው ክሩ።

ችግኝ አፍይ (ኮምቦልቻ)

እንግዲያው ወንዴ ነው። ማዳበሪያ ብትጨምርለት ፍሬ አይሆንም። ሴቴዋ አበባዋ ወፈር ያለ ነው፣ ከግንዱ ተጠግታ ታብባለች፣ ከአበባው ሥር ትንሽ ፍሬ የሚመስል እብጠት ይታያል። ከሁለቱም ያላቸው ዝርያዎችም አሉ፣ እነሱ ብቻቸውን ያፈራሉ።

ችግሩ ችግኝ እያለ መለየት አለመቻሉ ነው። እኛም አናውቅም። "ሴቴ ነው" ብሎ የሚሸጥልህ ሰው ካለ አትመነው። መላው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት መትከል ነው። ሲያብቡ ሴቴዋን ትተህ ሌላውን ትነቅላለህ። ከግቢው ሁሉ አንድ ወንዴ ከቀረ ለብዙ ሴቴ ይበቃል። የአሁኑን እንዳትቆርጠው፣ ሌሎቹ እስኪያብቡ ይቆይ።

ለከሚሴና ለባቲ ማንጎ፣ ሙዝ፣ ሎሚና ዘይቱን ይሆናሉ። ሐብሩ ውስጥ መርሳ አካባቢ በመንገድ ስታልፉ ያያችሁት የፍራፍሬ ሽያጭ የዚሁ ሙቀትና የመስኖ ውጤት ነው።

ተከራይዋ (ኮምቦልቻ)

እኔ መሬት የለኝም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የተከራየሁት፣ ትንሽ በረንዳ አለኝ። ውሃ በፈረቃ ነው። ለእኔ የሚሆን ነገር አለ ወይስ እናንተን እያነበብኩ ልቅና?

ጓሮ ለጉሮሮ (ወልድያ)

አለ እንጂ እህቴ! በረንዳ ላይ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ የሐበሻ ጎመን፣ ቀይ ሽንኩርት በቅጠሉ፣ ቃሪያ ሁሉ ይሆናል። የቀለም ባልዲ ፈልጊ፣ በደንብ ይታጠብ። ታችኛው ላይ በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሺው። ጀሪካንም በጎኑ ቢቀደድ ያገለግላል። ለቆስጣ አንድ ስንዝር ጥልቀት ይበቃል። ለቃሪያ ባልዲው ሙሉ ይሁን።

አፈሩ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ከመንገድ ዳር ዝም ብሎ አፈር ሞልቶ ያመጣል። ውሃ ሲጠጣ ይጠጥራል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሦስት እጅ ጥሩ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ አድርጊ። ፍጉ ሽታው የጠፋ፣ እጅ ላይ የሚፈረፈር ይሁን። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

ቆስጣን ከነሥሩ አትንቀይ። የውጩን ቅጠል ቅጠሉን እየቀነጠስሽ ብትበይ ለወራት ያበላሻል።

ችግኝ አፍይ (ኮምቦልቻ)

ይሄ ልክ ነው። የአፈሩ ድብልቅ እኛም ጣቢያ ላይ ላስቲክ የምንሞላው ነው።

@ተከራይዋ፣ በረንዳሽ ወዴት ይዞራል? ፀሐይ በበጋ ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች። ወደ ሰሜን የዞረ በረንዳ ከጥቅምት እስከ ጥር ጥላ ይሆናል። ሰኔና ሐምሌ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ስለምትሄድ ያው በረንዳ ብርሃን ያገኛል። ሰሜን ከሆነ አሁን ቃሪያ ትከዪ፣ በበጋ ጥላ የሚችሉትን ሰላጣና ናና አድርጊ። ደቡብ ከሆነ በተቃራኒው ነው።

ውሃ በፈረቃ ለሚሆንባችሁ ሁሉ፣ ጎመን ያጠባችሁበትን ውሃ አትድፉ፣ ለተክሉ ይሁን። የሳሙና ውሃ ግን ለሚበላ ቅጠል አይሁን። አፈሩን በደረቅ ሣር ጎዝጉዙት። ጉዝጓዝ ያለው ባልዲና የሌለው ባልዲ ልዩነቱን ጣታችሁን ከትታችሁ ማወቅ ትችላላችሁ፤ አንዱ ከሰዓት በኋላም ርጥብ ነው።

ጓሮ ለጉሮሮ (ወልድያ)

አንድ ነገር ልናገር ግን። ይሄ የኑሮ ውድነት ባለበት ሰው ግቢውን በአበባ ሲሞላ አይገባኝም። አንድ ካሬ መሬት ላይ ጽጌረዳ ከምትተክል ካሮት ትከል። ጓሮ የሚባለው ለጉሮሮ ነው።

የመስከረም ልጅ (ደሴ)

@ጓሮ ለጉሮሮ፣ አክብሬህ ነው የምቃወምህ። የአፕሉን የአበባ ዱቄት የሚያቀባብለው ማነው? ንብ አይደለችም? ንብስ በምን ትምጣ? ኮክህ የሚያብበው ለጥቂት ሳምንት ነው። ቀሪውን ጊዜ ንቧ ሌላ አበባ ትፈልጋለች። እናቴ ሁለት ቀፎ አላት፣ ግቢው አበባ ሲያጣ ንቦቹ ሲለግሙ አያለሁ።

ወጪ የለውም ደግሞ። አደይ አበባን ማን ገዝቶ ያውቃል? ጥቅምት ላይ ሲደርቅ ጭንቅላቱን በእጄ እጠርግና በወረቀት አኖረዋለሁ። ዘሩ ቀጭን ጥቁር ነው፣ ጫፉ ልብስ ላይ ይሰካል። ክረምት ሳይገባ አጥር ሥር እበትነዋለሁ፣ አፈር ጫን አላደርግበትም። መስከረም ላይ አጥሩ ቢጫ ነው። ለእንቁጣጣሽ የሰፈር ሕፃናት ከእኛ ግቢ ነው የሚቀጥፉት።

ሌላው ሰው ማየት ያስደስተዋል። እሱም ረሃብ ነው።

ጓሮ ለጉሮሮ (ወልድያ)

ስለ ንቧ ያልሽው አሳምኖኛል። አጥር ሥር ከሆነ እስማማለሁ። መደቡን ግን ለጎመን ተዪልኝ።

ችግኝ አፍይ (ኮምቦልቻ)

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አበባ ለሚፈልግ፣ ለደሴ ጽጌረዳና ጀራኒየም ይሆናሉ። ጀራኒየም ከግንጣይ ይይዛል፣ ቆርጣችሁ ጥላ ላይ አንድ ቀን አቆዩት፣ የተቆረጠው አፉ ይድረቅ፣ ከዚያ ትከሉት። ለኮምቦልቻ፣ ለባቲና ለከሚሴ ቡገንቪሊያን የሚያህል የለም። ቡገንቪሊያ ሲጠማው ነው የሚያብበው። ውሃ ያበዛችሁበት ቅጠል ብቻ ይሆናል። ጽጌረዳ አሁን አትግረዙ፤ ክረምቱ ቁስሉ ላይ ሻጋታ ያመጣል። መስከረም አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ግረዙት።

ሐይቅ ዳር

ይቅርታ ርዕስ ልቀይር። ባለፈው ዓመት መንገድ ዳር ከሚሸጥ ሰው "የተዳቀለ ሃስ አቮካዶ ነው" ተብዬ ገዛሁ። ገንዘቡ ቀላል አልነበረም። በኋላ አንድ የግብርና ሰው አይቶ "ይሄ ከፍሬ የበቀለ ነው" አለኝ። ሻጩን ፈልጌ አጣሁት። እንዴት ነው የሚለየው?

ችግኝ አፍይ (ኮምቦልቻ)

ይሄን ጥያቄ ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል፤ በዚህ ብዙ ሰው ይጎዳል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ ፍሬውም እናቱን ይምሰል አይምሰል አይታወቅም። የተዳቀለው በሦስት በአራት ዓመት ይጀምራል።

ችግኙን ከፍ አድርገህ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል በላይ ግንዱን እይ። የተዳቀለ ከሆነ ጠባሳ አለ። ግንዱ እዚያ ጋ ትንሽ ያብጣል ወይም ይጠመዝዛል። ከጠባሳው በታችና በላይ የልጡ ቀለም ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ የታችኛው ሸካራና ገርጣ ያለ፣ የላይኛው ለስላሳና አረንጓዴ ነው። አንዳንዴ የታሰረበት የላስቲክ ቁራጭ እዚያው ይቀራል። ካለ በምላጭ ፍታው፣ አለዚያ ሲወፍር ያንቀዋል። ጣትህን ስታስኬድበት ግንዱ ከላይ እስከ ታች ወጥ ሆኖ ከተሰማህ ከፍሬ የበቀለ ነው። አንዳንድ ሻጭ ግንዱን በምላጭ ፍቆ ጠባሳ ያስመስላል። የፋቁት ግን ላይ ላዩን ነው፣ እብጠት የለውም።

ሌላው ሥሩ ነው። ላስቲኩን ከታች እይ። ሥሩ ቀዳዳውን አልፎ መሬት ሰንጥቆ ከወጣ፣ ጣቢያ ላይ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው። ሲነሳ ሥሩ ይበጠሳል። ረጅሙን ችግኝ አትምረጥ። ግንዱ ወፈር ያለውን፣ ቅጠሉ ደማቁን ምረጥ። ሰው ሁሉ ረጅሙን ያነሳል፣ ረጅሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥላ ውስጥ ብርሃን ፍለጋ የተመዘዘ ነው።

ከየት እንደመጣም ጠይቅ። ሞቃት ቦታ ላይ የፈላ ችግኝ ደሴ ወስደህ በዕለቱ ብትተክለው ይደነግጣል። ሁለት ሳምንት ያህል ግቢህ ውስጥ ከነላስቲኩ ይላመድ። መጀመሪያ ጥላ ላይ፣ ከዚያ የጠዋት ፀሐይ ላይ፣ ከዚያ ወደ መትከያው አስጠጋው።

ሐይቅ ዳር

እግዜር ይስጥልኝ። ያለኝን እንዴት ላድርገው? ይጣል?

ችግኝ አፍይ (ኮምቦልቻ)

አይጣል። ሥር አለው። ባለሙያ ካገኘህ እላዩ ላይ ማዳቀል ይቻላል። በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የአትክልትና ፍራፍሬ ባለሙያ አለ፣ ጠይቅ።

ጋሽ ደገኛ (ወገል ጤና)

ደግ ነገር እያወራችሁ ነው ልጆች። እኔ የምኖረው ከደሴም ወደ ላይ ነው። እኛ ጋ ፍራፍሬው ብዙም አይሄድም። የእኛ ነገር ድንች፣ ነጭ ሽንኩርትና ጌሾ ነው። በልግ ሲበላሽ ክረምትን እንጠብቃለን፣ ክረምት ሲበላሽ የምንለው የለንም። ስለዚህ ዘር ሁሉንም በአንድ ጊዜ አንጨርስም።

ነጭ ሽንኩርት አሁን ነው ጊዜው። ትልልቁን ፍንካች መርጣችሁ ሹሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ትከሉ። ትንንሹን ለወጥ አድርጉት። ሰው ትልቁን በልቶ ትንሹን ይተክላል፣ ከዚያ "ዘሩ አነሰ" ይላል።

ድንች ላይ ግን የክረምቱ ምች አስቸገረን። ሐምሌ ላይ ጭጋግ ሲቆይ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ በሳምንት ማሳው ያልቃል። ምን መላ አለው?

ችግኝ አፍይ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ እርስዎ ከሚያውቁት እኔ የምጨምረው ትንሽ ነው። ምቹ በርጥበትና በብርድ የሚዛመት ሻጋታ መሰል በሽታ ነው። በሽታ የሚቋቋም ዘር ቢያገኙ ይረዳል። ጉደኔና በለጠ የሚባሉት የድንች ዝርያዎች በዚህ ከአካባቢው ዘር ይሻላሉ። ከግብርና ባለሙያዎ ይጠይቁ። መስመሩን ሰፋ አድርገው ይትከሉ፣ ነፋስ ይለፍበት። ካለፈው ምርት ማሳው ውስጥ ቀርቶ በራሱ የበቀለ ድንች ካለ ይንቀሉት፣ በሽታው የሚከርመው እሱ ላይ ነው። ማሳው ከታመመ ቅጠሉን ከላይ አጭደው ያውጡና ድንቹን ሁለት ሳምንት ያህል አፈር ውስጥ ይተዉት። ቆዳው ይጠነክራል፣ በሽታውም ሲቆፈር ወደ ድንቹ አይጋባም። ቲማቲምም የዚሁ በሽታ ተጠቂ ስለሆነ ከድንቹ ይራቅ።

ስለ ጌሾው ልጠይቅዎ፤ ከዘር ነው የሚያፈሉት?

ጋሽ ደገኛ (ወገል ጤና)

እግዜር ያክብርህ ልጄ። ከዘር ነው። ፍሬው ሲጠቁር ለቅመን፣ ሥጋውን አጥበን፣ ጥላ ላይ አድርቀን እንዘራለን። ዝግታ ይፈልጋል። የተጣደፈ ሰው ጌሾ አይተክልም። ከያዘ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል፣ ቅጠሉን ቆርጠህ ስትሸጥ መልሶ ያቆጠቁጣል።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

አነበብኩት ሁሉንም። ግንዱን በጥፍሬ ላጥኩት፣ አረንጓዴ ነው! ቀንበጡም ከጠባሳው በላይ ነው። እናቴ "እሺ ይቆይ" ብላለች። አሁን ሁለት አፕል ልጨምር ነው። ጉድጓዱን እንዴት ልቆፍር?

ችግኝ አፍይ (ኮምቦልቻ)

አልሐምዱሊላህ፣ ደስ ይላል።

ጉድጓዱን አሁኑኑ ቆፍር፣ ተከላው ሐምሌ ይሁን። 60 ሴንቲ ሜትር በ60፣ ጥልቀቱም 60። የላይኛውን ጥቁር አፈር በቀኝ፣ የታችኛውን ገርጣ አፈር በግራ ለይተህ ክመር። ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ ሁለት ሦስት ሳምንት ፀሐይና ዝናብ ይምታው። ስትተክል ጥቁሩን አፈር ከብስባሽ ጋር ቀላቅለህ መጀመሪያ ወደ ታች አስገባ፣ ሥሩ የሚበላው እዚያ ነው። ገርጣው ከላይ ይሁን።

ከዚያ ላስቲኩ። ይሄን ደጋግሜ የምናገረው ነው። ጥቁሩን ላስቲክ ከጎኑ በምላጭ ሰንጥቀህ ሙሉ ለሙሉ አውጣው። ለአረንጓዴ አሻራ የተተከሉ ችግኞች ሲነቀሉ ላስቲካቸው ከነመልኩ ታች ሲገኝ አይቻለሁ። ሥሩ እዚያው ውስጥ ሲዞር ይከርማል። አፈሩ እንዳይፈርስ ከመትከልህ በፊት በነበረው ቀን ችግኙን አጠጣው። የተጠማዘዘ ሥር ታች ካለ በመቀስ ቁረጠው። የተዳቀለበት ጠባሳ ከአፈር በላይ አንድ ስንዝር ይቅር። አፈር ከሸፈነው የላይኛው ክፍል የራሱን ሥር ያወጣል፣ የማዳቀሉ ጥቅም ይጠፋል።

በእግርህ ረገጥ ረገጥ አድርገው፣ አየር አይቅር። ጉዝጓዝ አድርግበት፤ ግን ግንዱን አይንካ። ግንድ ላይ የተከመረ ርጥብ ሣር ልጡን ያበሰብሳል፣ ለምስጥም መንገድ ይሆናል። ሁለቱን አፕሎች አራት ሜትር ያህል አራርቃቸው።

ከሚሴ ላይ

ምስጥ ካልክ አይቀር፣ እኛ ጋ የሚያስቸግረን እሱ ነው። አመድ ይበቃል?

ችግኝ አፍይ (ኮምቦልቻ)

አመድ ለጊዜው ያርቃል፣ ዝናብ ሲመታው ያልቃል። ኩይሳው ቅርብ ከሆነ ቆፍሮ ንግሥቲቱን ማውጣት ነው። ሌላው ችግኙን አለማስጠማት ነው። ምስጥ የደከመና የደረቀ ይወዳል፣ ጠንካራ ተክል ላይ ብዙም አይበረታም። ያልበሰለ ፍግና ደረቅ እንጨት ጉድጓዱ ውስጥ አትጨምር።

ክሽክሽ ለሚያስቸግራችሁ ጎመን ላይ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጣችሁ ከቅጠሉ ሥር እርጩ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ ይሁን። ከመብላታችሁ በፊት ደህና አድርጋችሁ እጠቡት።

እመት ሐዋ (ሐይቅ)

ፍልፈል ደግሞ አለ! የካሮቴን ሥር ሥሩን እየሳበ ጨረሰው። ነጭ ሽንኩርት ከጎኑ ብተክል ይሸሻል ይሉኛል፣ እኔ ሲሸሽ አላየሁም። የያዝነው ጉድጓዱን ከፍተን ጠብቀን ነው። አፉ ሲከፈት ሊደፍነው ይመጣል፣ ያኔ ነው።

ተከራይዋ (ኮምቦልቻ)

በረንዳዬ ደቡብ ነው! ሦስት ባልዲ በስቻለሁ። ቆስጣ እዘራለሁ። ቲማቲምም አማረኝ፣ አሁን ላፍላ?

ችግኝ አፍይ (ኮምቦልቻ)

ማሻ አላህ። ቆስጣው አሁን ይሁን። ዘሩን ማታ ውሃ ውስጥ አሳድሪው፣ ቶሎ ይበቅላል። አንዱ ፍሬ ብዙ ቡቃያ ያወጣል፣ ጠንካራውን አንድ ትተሽ ሌላውን ቀንሺ፤ የቀነስሽውን ከጎመን ጋር ብዪው።

ቲማቲም አሁን አይሁን፣ የክረምቱ ጭጋግ ምች ያመጣበታል። ነሐሴ ማብቂያ ላይ አፍዪው። ከአንድ ወር በላይ መደብ ላይ ይቆያል። መስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲወጣ ወደ ባልዲ ታዛውሪዋለሽ። የበጋው የደቡብ ፀሐይ ለሱ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ውርጩ አያሰጋሽም፤ ደሴዎች ግን መስከረም መጨረሻ ላይ ካዛወሩት ቤት ውስጥ ማሳደር አለባቸው።

ሐይቅ ዳር

ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ ችግኝ ልወስድ። በሚኒባስ ነው የምመለሰው። ምን ይዤ ልምጣ?

ችግኝ አፍይ (ኮምቦልቻ)

ካርቶን አምጣ፣ ክፉ ያልሆነ፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ። ችግኞቹን አስጠግተን እናቆማቸዋለን፣ እንዳይወድቁ በጋዜጣ እንጠቀጥቃለን። ጣራ ላይ አታስጭነው፣ ነፋሱ ቅጠሉን ሐይቅ ሳይደርስ ያደርቀዋል። እግርህ ሥር ይዘኸው ሂድ። ጠዋት ብትመጣ ይሻላል፣ ሁለት ሰዓት ላይ በር ይከፈታል። የአቮካዶህን ቅጠል በስልክ ፎቶ አንሥተህ ይዘህ ና፣ አብረን እናየዋለን።